ብሔራዊ አካባቢ ያለው ስካን ቤት፦ ሥራው ሸጋ ነው፣ ፋይላችሁን ሳታስጠፉ ግን አትውጡ

አንድ አሮጌ መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ መሀል ከተማውን ዞሬያለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት በየሕንፃው ሥር ሞልቷል፤ ስካን አናደርግም የሚልም የለም። መጽሐፉን ሳይበጥስ፣ ገጹን ሳያጎብጥ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ጥላ ሳይጥል የሚሠራ ግን አጥቼ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ከብሔራዊ ቴአትር ወደ አምባሳደር ሲኬድ መንገድ ዳር ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት ጠቆመኝ። የምጽፈው ስለዚያ ቤት ነው። ስሙን አልጠቅስም። ያጋጠመኝ ነገር የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም፣ ስለዚህ አንዱን ለይቼ ማሳጣት አልፈልግም።

መጽሐፉ የአክስቴ ነው። የገዙት አይደለም፣ የጻፉት ነው። አክስቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። መንዝ ውስጥ ሲያስተምሩ የተማሪዎቻቸውን አያቶች እየዞሩ እንቆቅልሽና ተረት ይሰበስቡ ነበር። አንዱን ተረት ከሦስት እናቶች ሰምተው የቱ እንደሚጥም መርጠው፣ በራሳቸው አማርኛ ጽፈው፣ በ1978 በዕቁብ ብር አሳተሙት። 212 ገጽ ነው። 3,000 ቅጂ ታትሞ አልቋል። እቤት የቀረችው አንዲት ቅጂ ናት። ሁለተኛዋን አንድ ሰው ተውሶ ወስዶ ቀረ። ያን ጊዜ መጽሐፍ የሚታተመው ፊደል ተለቅሞ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ነገር የለም። ስለዚህ እንደገና ላሳትመው ብል መነሻዬ ይቺው ቢጫ ወረቀት ብቻ ናት።

መጀመሪያ የሄድኩት አራት ኪሎ ነበር። ልጁ መጽሐፉን አገላብጦ አየና «ጀርባውን ቆርጠን ብናስገባው በ10 ደቂቃ ያልቃል» አለኝ። መቁረጫው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ምላጩ የክንድ ያህል ይሆናል። መጽሐፉን ከእጁ ቀማሁት ማለት እችላለሁ። በኋላ ሳስበው ልጁ ክፉ አላሰበም። የተለመደው አሠራር እሱ ነው። ጀርባው ይቆረጣል፣ ቅጠሉ ይበታተናል፣ ወረቀቱን በራሱ እየሳበ የሚያስገባ ስካነር ሁለቱንም ገጽ በአንዴ ያነሳል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። መጽሐፉ ግን ከዚያ በኋላ መጽሐፍ አይደለም።

ብሔራዊ ጋር ያለው ቤት እንደዚህ አይሠራም። መጽሐፉ በከፊል ተከፍቶ የሚቀመጥበት እንደ ሸለቆ የተሠራ ማስቀመጫ አላቸው፣ ከላይ ካሜራ አለ፣ ገጹን ቀስ ብሎ የሚጫን መስታወት አለ። አንዲት ልጅ እጇን ታጥባ፣ በፎጣ አድርቃ ተቀመጠች። ሳልነግራት ነው። አንድ ገጽ ትገልጣለች፣ መስታወቱን ታወርዳለች፣ ስክሪኑን ታያለች፣ ጠማማ ከሆነ ትደግመዋለች። ጫፉ የተቀደደ ገጽ ሲመጣ በጣቷ ሳይሆን በቀጭን ፕላስቲክ አነሳችው። 212 ገጹን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር፣ አንድም ገጽ አልዘለለችም። ቁጥሩን እኔ ራሴ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ።

ጥራቱ በጣም ጥሩ ነው። አክስቴ በእርሳስ ኅዳጉ ላይ የጻፏቸው ማስታወሻዎች ሁሉ ይነበባሉ። ገጽ 57 ላይ የፈሰሰው ቡና እንኳን ቀለሙን ሳይለቅ መጥቷል፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍም ይለያል። ዋጋው ሳይቆረጥ በገጽ 12 ብር ነው፣ ተቆርጦ ከሆነ 5 ብር። እኔ 2,544 ብር ከፈልኩ። በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝም ሰጥተውኛል።

ምስሉን ወደ ጽሑፍ መቀየር ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላም ክፍያ አለው፤ ከነእርማቱ በገጽ 20 ብር። ፕሮግራሙ ብቻውን የሚያወጣው ጽሑፍ አያስደስትም። የድሮ ኅትመት ላይ «ላ» እና «ሳ» ቀለማቸው ከፈዘዘ ለዓይንም ይቸግራሉ። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው «ሳም አለኝ በሰማይ» ሆኖ መጣ። በቃላት መሀል ያሉትን ሁለት ነጥቦች አንዳንዱን ዋጣቸው፣ አንዳንዱን አራት ነጥብ አደረጋቸው፣ ስለዚህ አንዱ ዓረፍተ ነገር መሀሉ ላይ ተበጥሶ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። በግእዝ ቁጥር የተጻፈው ፲፭ ጭራሽ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ አንድ አራሚ ልጅ ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየ አስተካክሏል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን አክስቴ እንደጻፏቸው ትቷቸዋል፤ አንድ ዓይነት ላድርጋቸው አላለም። ለዚህ ብቻ ተጨማሪ ብር ብከፍለው አይቆጨኝም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን አምስት ኮከብ ሰጥቼ እጨርስ ነበር።

እርማቱን ለመውሰድ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ፋይሉን ወደ ፍላሼ ሲገለብጡልኝ ከአራሚው ኋላ ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። ዴስክቶፑ ላይ «የኤአይ አማርኛ» የሚል ፎልደር አየሁ። ልጁ ደንበኛ የሚያመጣውን ሁሉ እዚያ ያስገባል መሰለኝ፣ ከፈተው፣ የአክስቴ መጽሐፍ ሁለት ቦታ አለ፦ ምስሉም፣ የታረመው ጽሑፍም። ከሥሩ ሌላ ሠላሳ አርባ የሚሆን የመጽሐፍ ስም ተደርድሯል። የትምህርት ቤት መጽሐፍ አለ፣ ልቦለድ አለ፣ የጸሎት መጽሐፍ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

ልጁ አልዋሸኝም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። «ጋሼ፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚሰበስብ ሰው አለ። ለኤአይ ማሠልጠኛ ነው። በገጽ ይከፍለናል» አለ። ባለቤቱን ጠራልኝ። ባለቤቱም አልካደም። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለቋንቋችን ነው። ማሽኑ አማርኛ ካላነበበ አማርኛ አይችልም» አለኝ።

የተናገረው ውሸት አይደለም። እኔም በሥራዬ ኤአይ እጠቀማለሁ። አማርኛው ብዙ ጊዜ ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ ይመስላል፤ ተረት ጠይቁት፣ ተረት ያልሆነ ነገር ያወራላችኋል። ያነበበው ስላነሰ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው አማርኛ ትንሽ ነው፤ ብዙውና ጥሩው የታተመው ላይ ነው፤ ወመዘክር መደርደሪያ ላይ፣ ለገሐርና ብሔራዊ አካባቢ በላስቲክ ላይ ተደርድሮ፣ በየሰው ቤት ሳጥን ውስጥ። ለዚህ ነው ዛሬ አንድ ስካን ቤት ውስጥ ያለ የታረመ የአማርኛ ገጽ ገዢ ያገኘው። ግን ለቋንቋችን ከሆነ የመጽሐፉን ባለቤት ለምን አትጠይቃትም? ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ሕጉን አነበብኩ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ ይጠበቃል፣ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ተረቱ የሕዝብ ቢሆንም የመረጠውና ያደራጀው ሰው በስብስቡ ላይ መብት አለው። ማባዛት የመብቱን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግ ይቻላል፤ የአንድን መጽሐፍ ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ክፍል መገልበጥ ግን ለግል ጥቅምም ቢሆን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይቻልም። ስለ ኤአይ ሥልጠና የሚል ቃል የለበትም፣ በዚያ ዘመን ማንም አላሰበውም። ግን የሰውን መጽሐፍ ሙሉውን ገልብጦ ለሦስተኛ ሰው መሸጥ ምን እንደሚባል ለማወቅ የኤአይ አንቀጽ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አሜሪካ የተፈረደውንም ማወቅ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ሰምቶ ነው የሚያወራው። ክሎድ የሚባለውን ኤአይ የሚሠራው አንትሮፒክ በሚሊዮን የሚቆጠር የታተመ መጽሐፍ፣ ብዙውን አሮጌ፣ በብር ገዝቶ ጀርባውን አስቆርጦ ስካን አድርጓል፤ ወረቀቱ ተጥሏል። ልክ አራት ኪሎ ያለው ልጅ ሊያደርግልኝ እንደነበረው ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ ከኢንተርኔት ላይ ከሰባት ሚሊዮን በላይ የተሰረቀ የመጽሐፍ ፋይል አውርዶ አስቀምጦ ነበር። ደራሲዎች ከሰሱት። ዳኛው ዊሊያም አልሰፕ ጁን 2025 ላይ ነገሩን ለያይተው አዩት። ማሽኑን በመጻሕፍት ማሠልጠን በአሜሪካ ሕግ ይፈቀዳል አሉ። ገዝቶ ቆርጦ ስካን ማድረግም ይፈቀዳል፤ ወረቀቱ በፋይል ተተካ እንጂ ተጨማሪ ቅጂ ወጥቶ ለሌላ አልተሰጠም ብለው። የተሰረቀውን ሰብስቦ ማስቀመጥ ግን አይፈቀድም አሉ። በዚያው ዓመት ኩባንያው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፣ ለአንድ መጽሐፍ ወደ 3,000 ዶላር ገደማ ይደርሳል፣ መጽሐፎቹም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ናቸው።

ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ለመግባት መጽሐፉ አሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ መመዝገብ ነበረበት፣ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ቁጥርም ወይም የአማዞን መለያ ያስፈልገዋል። የአክስቴ መጽሐፍ ሁለቱም የለውም። በ1978 በዕቁብ ብር ያሳተመች መምህርት ዋሽንግተን ሄዳ ልታስመዘግብ? ስለዚህ እዚያ የተፈረደው ለእኛ አይደርስም። እኛን የሚጠብቀን እዚህ ያለው አዋጅና እዚህ ያለው የስካን ቤት ባለቤት ሕሊና ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ እዚያ የተፈቀደው ኩባንያው ራሱ የገዛውን መጽሐፍ ነው። እዚህ ግን ደንበኛ አምኖ ያመጣው፣ ያውም ራሱ ከፍሎ ያሳረመው ነው የሚሸጠው። እኔ 4,240 ብር ለእርማት ከፍዬ ሌላ ሰው ንጹሑን ጽሑፍ ይወስዳል።

አማርኛን ለማሽን ማስተማር የሚፈልግ ሰው ደግሞ መንገድ አላጣም። ሃርቫርድ በዚያው በ2025 መብታቸው ጊዜው ያለፈ አንድ ሚሊዮን ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው መጻሕፍት ለኤአይ ሥራ ይሁኑ ብሎ ለቋል። የእኛም አሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 በስደት ላይ አርፈዋል፤ 50 ዓመቱ ካለፈ ስንት ጊዜው። የእሳቸውን ዘመን መጻሕፍት በጥንቃቄ ስካን አድርጎ፣ እንደዚያ አራሚ ልጅ ዓይነት ሰው ቀጥሮ አሳርሞ መስጠት ይቻላል። በሕይወት ያሉትን ደግሞ መጠየቅ ይቻላል።

አክስቴን ጠየቅኳቸው። ስድስት ኪሎ ቤታቸው ሄጄ ነው፣ በስልክ የሚነገር አልመሰለኝም። ቡና አፍልተው ነበር።

«እትዬ፣ መጽሐፍዎን ሊወስዱት ነበር» አልኳቸው።

«ማን ሊያነበው?»

«ማሽን ነው የሚያነበው።»

«አንብቦስ?»

«ሰው እንቆቅልሽ ሲጠይቀው እንዲመልስ።»

ስኒውን አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡና፦ «አገር ሰጠ?» አሉኝ።

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ልጅ ሆነን እሳቸው ጉልበት ሥር ተቀምጠን እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ መልሱ ያቃተው ልጅ አገር ሳይሰጥ መልሱን አይሰማም ነበር። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ የጨነቀው አዲስ አበባን። የስድስት ዓመት ልጅ እንኳን መልስ በነጻ እንደማይወሰድ ያውቅ ነበር።

«ቢጠይቁኝ እሰጥ ነበር» አሉ ቆይተው። «ብር አልላቸውም። የእነዚያን እናቶች መንደር ካነሱልኝ ይበቃኝ ነበር።» መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ እያንዳንዱ ተረት ከየት ቀበሌ፣ ከማን እናት እንደተሰማ ተዘርዝሯል። ያን ፎልደር ውስጥ ያለውን የታረመ ጽሑፍ ከፍቼ አይቼው ነበር። እነዚያ ሦስት ገጾች የሉበትም። «ዝርዝር አይፈልጉም» ነበር ያለኝ ልጁ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። አልጮህኩም። ባለቤቱን ቁጭ አድርጌ የአክስቴን ጥያቄ እንዳለ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ ራሱ አጠፋው፤ ከፎልደሩ፣ ከሪሳይክል ቢን፣ ከውጭ ሃርድ ዲስኩ፣ አራሚው ለራሱ በቴሌግራም ከላከው ቅጂ ሳይቀር። ሰብሳቢው ቀጣዩን ዙር ገና እንዳልወሰደ የላኩበትን ዝርዝር ከፍቶ አሳየኝ፣ የአክስቴ መጽሐፍ አልነበረበትም። ፋይሉ እንደጠፋና ለማንም እንዳልተሰጠ የሚገልጽ ወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ። ካሁን በኋላ ደንበኛ ሳይፈርም አላስገባም ብሎኛል። የሌሎቹ ሠላሳ አርባ መጻሕፍት ባለቤቶች ግን አልተጠየቁም። ይህን ስጽፍ አሁንም የሚከነክነኝ እሱ ነው። ከመካከላችሁ እዚያ አካባቢ መጽሐፍ ስካን ያስደረገ ካለ ሄዶ ይጠይቅ።

ታዲያ ሂዱ ነው አትሂዱ የምለው? ሂዱ። አሮጌ መጽሐፍ ሳይጎዳ እንዲህ ስካን የሚያደርግ ቤት መሀል ከተማ ላይ ሌላ አላገኘሁም፣ ያቺ ልጅ መጽሐፍ የምትይዝበት አያያዝ ደግሞ ሊመሰገን ይገባል። ሥራውን ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። እምነቱን ሁለት፣ ስህተቱን ሳያድበሰብስ ስላረመ ነው እንጂ አንድም አይገባውም ነበር።

ስትሄዱ ግን ሥራው ሳይጀመር ፋይሉ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ጠይቁ፤ ደረሰኙ ላይ አስጽፉት። የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ በቴሌግራም ላኩልኝ አትበሉ፣ የላኩት እነሱም ጋር ይቀራል። መጽሐፉ የእናንተ ካልሆነ የባለቤቱን ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስለ እነሱ እየተቆጣን እኛም ያንኑ እንዳናደርግ። ቅዳሜ ከሰዓት በጣም ይጨናነቃል፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ወረፋ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ አትሂዱ፣ ገጽ የምትገልጠው ልጅ አትኖርም፤ ሌላው ልጅ ይቸኩላል።